ኮቤ ላይ የጀርመን ምግብ ማግኘት፦ የሚገዛው፣ ቤት የሚሠራው እና የማይሞከረው

ጀርመን ኖሮ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ጃፓን የተሻገረ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። ስልኩን አውጥቶ «የጀርመን ምግብ ቤት» ብሎ ይፈልጋል፤ አንድ ቢራ ቤት ያገኛል፤ ሦስት ቁራጭ ቋሊማ በውድ ዋጋ በልቶ ይወጣል። በማግስቱ ከሰፈሩ ሱቅ «የጀርመን ዳቦ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነገር ይገዛል፤ ሲቀምሰው ለስላሳና ጣፋጭ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ «እዚህ አገር ምንም የለም» ብሎ ፍለጋውን ይተዋል።

ስሕተቱ ያለው በፍለጋው መንገድ ላይ ነው። ምግብ ቤት አትፈልጉ፤ የምግቡን ክፍሎች አንድ በአንድ ፈልጉ። የዕለት የጀርመን ማዕድ የሚቆመው በጥቂት ነገሮች ላይ ነው፦ ጠቆር ያለ የራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል) ዳቦ፣ ቋሊማ፣ የኮመጠጠ ጎመን፣ ድንች፣ ሰናፍጭ፣ ክቫርክ (ለስላሳ ነጭ አይብ)። ዳቦውና ቋሊማው ኮቤ ውስጥ ይገዛሉ፤ ድንቹ በየሱቁ በሌላ ስም ተቀምጧል፤ ጎመኑንና ክቫርኩን ቤት መሥራት ይሻላል። መመሪያው የተጻፈው ለኮቤ ነው፤ ኦሳካ ወይም አሺያ የምትኖሩም በባቡር ቅርብ ስለሆናችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

## 1. መጀመሪያ ጊዜ የሚወስደውን ጀምሩ

ብዙ ሰው ገበያውን ጨርሶ፣ ቋሊማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ፣ ከዚያ ጎመኑን ለመሥራት ይነሣል። ጎመኑ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ የራይ እርሾ ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። ስለዚህ ሁለቱን በመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሩ፤ ገበያውን በሚቀጥለው ሳምንት ውጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በግራም የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን። በኩባያ መለካት ለጎመንም ለራይ ዳቦም አይሆንም።
- ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ፣ በላዩ የሚቀመጥ ክብደትም።
- የወረቀት ቡና ማጥለያና መያዣው፤ ለክቫርኩ ነው።
- የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ። ጃፓኖች በ«ኪን» ይለኩታል፤ የአንድ ኪን ቆርቆሮ ይበቃችኋል።
- ወደ ሊጡ መሐል የሚገባ የምግብ ቴርሞሜትር።

ከሚዛኑና ከቴርሞሜትሩ በቀር አብዛኛውን ዳይሶ ወይም ሴሪያ በመሳሰሉ የመቶ የን ሱቆች ታገኛላችሁ።

ስለ ምድጃው ተጠንቀቁ። የጃፓን ኪራይ ቤት ብዙውን ጊዜ የጋዝ ምድጃና የዓሣ መጥበሻ ብቻ ነው ያለው፤ ዳቦ የሚጋግር ምድጃ የለውም። ሱቅ ስትሄዱ «ሬንጂ» ብቻ የሚባለውን አትግዙ፤ እሱ ምግብ ከማሞቅ አያልፍም። «ኦቡን ሬንጂ» የሚባለውን ጠይቁ፤ ማሞቂያም መጋገሪያም ነው።

ቃላቱን አስጽፉ። የሥራ ባልደረባ ወይም አስተማሪ ለምናችሁ እነዚህን በጃፓንኛ ፊደል በስልካችሁ አስጽፉ፦ ራይሙጊ (ራይ)፣ ራይሙጊኮ (የራይ ዱቄት)፣ ቡታኒኩ (የአሳማ ሥጋ)፣ ግዩኒኩ (የበሬ ሥጋ)፣ ቶሪኒኩ (የዶሮ ሥጋ)፣ ራዶ (የአሳማ ስብ)፣ ሱ (ኮምጣጤ)። በካሜራ የሚተረጉሙ መተግበሪያዎች ይረዳሉ፤ ነገር ግን የታሸገ ምግብ ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አዘውትረው ያሳስታሉ። ስለዚህ የተጻፈውን ቃል ከዕቃው ጽሑፍ ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ።

## 2. ከጀርመን የሚመጣና የማይመጣ

ሥጋ አታምጡ፤ በፖስታም አታስልኩ። ቋሊማ፣ ሃም፣ ስፔክ፣ ላንድየገር፣ አየር በሌለበት ላስቲክ የታሸገም ቢሆን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ የተገዛም ቢሆን፣ የአገሩ የምርመራ ምስክር ወረቀት ከሌለው ጃፓን አይገባም። ጃፓን ከሚያዝያ 2019 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ቁጥጥሩን አጥብቃለች፤ ቅጣቱ ለግለሰብ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን ነው። በመስከረም 2020 ደግሞ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በጀርመን የዱር አሳማዎች ላይ ስለተገኘ የጀርመን የአሳማ ሥጋ በንግድም ቢሆን ታግዷል። ፍራንክፈርት ያለችው እናታችሁ በልብስ መሐል ጠቅልላ የምትልከው ሳላሚም በዚሁ ሕግ ሥር ነው።

*ረስታችሁ ይዛችሁ ከመጣችሁ*፦ አትደብቁ፤ ሽንት ቤትም አትጣሉት። ሻንጣችሁን ከወሰዳችሁ በኋላ፣ ጉምሩክ ሳትደርሱ፣ የእንስሳት ኳራንቲን መስኮት አለ። እዚያ ሄዳችሁ ራሳችሁ አሳዩ፤ ዕቃውን ይወስዱታል፤ እናንተ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ችግር የሚመጣው ሳይናገሩ አልፈው አነፍናፊው ውሻ ሲያገኘው ነው።

ጥሬ ድንችና የሚዘራ ዘርም በዕፅዋት ምርመራ ይያዛል። የወተት ተዋጽኦ የራሱ ደንብ ስላለው አይብ ከማስላካችሁ በፊት የእንስሳት ኳራንቲኑን ጠይቁ።

ሻንጣችሁን በሚከተሉት ሙሉ፦ በቱቦ የታሸገ ሰናፍጭ፣ የደረቀ የጥድ ፍሬ፣ ኪውመል (ካራዌይ)፣ በዱቄት መልክ የደረቀ የራይ እርሾ፣ የዱቄት ፑዲንግ፣ የድንች ክኖደል (ተድቦልቡሎ የሚቀቀል ሊጥ) ዱቄት። የሾርባ ኩብ ስትመርጡ የሥጋ ውጤት የሌለበትን የአትክልት ውሰዱ፤ ክርክርም አይኖርም፣ ለጾምም ይሆናል።

## 3. ዳቦውን መግዛት

ኮቤ ዳቦ ላይ ከሌሎች የጃፓን ከተሞች የምትቀድምበት ምክንያት አላት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቻይና ውስጥ ቺንግዳዎ ላይ ተማርከው ወደ ጃፓን ከመጡ ጀርመኖች አንዳንዶቹ ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ቀርተው ሱቅ ከፍተዋል። የፍሮይንድሊብ ዳቦ ቤትና የዩሃይም ኬክ ቤት የእነሱ ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ ይሠራሉ። ለእናንተ የሚጠቅመው የጀርመን ስም ያለው ዳቦ እዚህ ከተማ ውስጥ ለቱሪስት ብቻ የተቀመጠ አለመሆኑ ነው፤ የሰፈር ሰው ይገዛዋል።

ደረጃ በደረጃ

1. የሱቁን የዕረፍት ቀን አረጋግጡ። የጃፓን ዳቦ ቤቶች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘጋሉ፤ ያም ብዙውን ጊዜ እሑድ አይደለም።
2. ከቀትር በፊት ድረሱ። ከባዱ ዳቦ በቀን በጥቂቱ ነው የሚጋገረው፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ብስኩትና ሳንድዊች ነው።
3. ከሳኖሚያ ጣቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 15 ደቂቃ ገደማ በእግር ሄዳችሁ ፍሮይንድሊብን ታገኛላችሁ፤ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ነው። ዳቦው ምድር ላይ ይሸጣል፤ ፎቁ ካፌ ነው። ሰልፉ ብዙውን ጊዜ ለካፌው ስለሆነ ዳቦ ብቻ ለመግዛት እዚያ አትቁሙ።
4. ዳቦውን በእጃችሁ ስትይዙት ከመጠኑ በላይ ሊከብድ ይገባል። ከቀለለ ስንዴ ነው።
5. የራዩን መጠን ጠይቁ፦ «ራይሙጊ ናን ፓሰንቶ ደስ ካ»። ጀርመን የተማሩ ጋጋሪዎች የጀርመኑን ስያሜ ይጠብቃሉ፤ ሮገንብሮት ቢያንስ 90 ከመቶ ራይ ነው፤ ሮገንሚሽብሮት ከግማሽ በላይ ራይ ነው፤ ቫይትሰንሚሽብሮት ግን በአብዛኛው ስንዴ ነው። 10 ወይም 15 ከመቶ ካሏችሁ አመስግናችሁ ተዉት።
6. «በስንት ልቁረጠው?» ይሏችኋል። ሙሉውን ከፈለጋችሁ «ሱራይሱ ሺናይደ ኩዳሳይ» በሉ። የተቆረጠ ራይ ዳቦ በሁለት ቀን ይደርቃል፤ ሳይቆረጥ ሳምንት ይቆያል።

*አልቆ ካገኛችሁት*፦ ለሚቀጥለው ጊዜ «ቶሪኦኪ» ጠይቁ፤ ስማችሁን ይዘው ያስቀምጡላችኋል። በስልክም ይቀበላሉ።

*ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ*፦ ሁለት ሦስት ዳቦ በአንዴ ግዙ፤ ቤት ቆራርጣችሁ ቁርጥራጩን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡ። ከረጢት ሙሉ ከማቅለጥ የምትበሉትን ብቻ አውጥታችሁ መጥበስ ይሻላል።

*ዳቦ ቤት መሄድ ካልቻላችሁ*፦ ካልዲ በሚባሉት የቡናና የውጭ ምግብ ሱቆች ወይም ሴይጆ ኢሺ ውስጥ የሜስተማኸር ድርጅት ቀጫጭን የራይ ዳቦ ታሽጎ ይገኛል። በጥሬው ቅር ያሰኛል፤ ጥብስ አድርጉት።

ባውምኩሄን ለምትፈልጉ፦ ከምቹ ሱቅ የሚገዛው ለስላሳ ኬክ ነው። ካርል ዩሃይም ባውምኩሄንን ለጃፓን ሕዝብ ያሳየው በ1919 ሂሮሺማ ላይ ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ዛሬ ኮቤ ውስጥ ነው፤ በዳይማሩና በመሳሰሉ ትልልቅ መደብሮች ምድር ቤትም ይሸጣል።

## 4. ቋሊማው፦ ስሙ ያታልላል

ከፍተኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ «ዊና» እና «ፍራንክፉሩቶ» ተጽፎ ስታዩ የቪየና ወይም የፍራንክፈርት አሠራር እንዳይመስላችሁ። በጃፓን የምግብ ደረጃ ስሙ የሚሰጠው በውፍረት ነው፦ በበግ አንጀት የተሞላ ወይም ከ20 ሚሊሜትር የቀጠነው ዊና፤ በአሳማ አንጀት የተሞላ ወይም ከ20 እስከ 36 ሚሊሜትር ያለው ፍራንክፉሩቶ፤ ከዚያ የወፈረው ቦሎኛ ይባላል። ውስጡ ያለው ሥጋና ቅመም ሌላ ጉዳይ ነው። የጀርመንኛ ስም ያለው ሁሉም ጀርመን አይደለም፤ በየሱቁ ያለው ሻው ኤሰን ኒፖን ሃም በ1985 ያወጣው የጃፓን ቋሊማ ነው። እኔ መጥፎ ነው አልልም፤ ለአቅመ ቢስ ቀን ከሁሉ ይሻላል።

አገዛዙ

1. ከቶር ጎዳና ጀምሩ። ይህ ከዳይማሩ አካባቢ ወደ ኪታኖ ኮረብታ የሚወጣው መንገድ ነው፤ ቶር ሮድ ዴሊካቴሰን እዚህ ይገኛል፤ ሃምና ቋሊማ፣ የተጨሰ ሳልሞንም አለው።
2. የበለጠ ከፈለጋችሁ በባቡር ወደ አሺያ ሂዱ። ሜትስገራይ ኩሱዳ የሚባለው ሥጋ ቤት እዚያ ነው።
3. ሌላ ቦታ ስትፈልጉ መስኮቱ ላይ «ኢፋ» ወይም «ዲ ኤል ጂ» የሚል ሜዳሊያ ያለበትን ሥጋ ቤት ተመልከቱ። ጀርመን ውስጥ በሚካሄዱ የቋሊማ ውድድሮች ብዙ የጃፓን ሥጋ ቤቶች ይወዳደራሉ፤ «የጀርመን ስልት» ከሚል ማስታወቂያ ይልቅ ሜዳሊያው የታመነ ምልክት ነው።
4. በማቀዝቀዣ መኪና የሚላክ ጭነት ጃፓን ውስጥ በየቦታው ይደርሳል፤ «ኩሩ ቢን» ይባላል። ከሥጋ ቤቱ በስልክ አዝዛችሁ ቤታችሁ ድረስ ማስመጣት ትችላላችሁ። የመድረሻ ሰዓት ምረጡ፤ በር ላይ ካላገኟችሁ ዕቃው ይመለሳል።

አቀቃቀሉ። የሚፈላ ውሃ ውስጥ አትጨምሩ፤ ይፈነዳል። ውሃው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ እሳቱን ቀንሱ፤ ቋሊማውን ለ8 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት። ከፈነዳ መጣል የለበትም፤ በድስት ላይ ጥብስ ይሁንላችሁ።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ

ከእኛ አብዛኛው ሰው፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ የጀርመን ቋሊማ ደግሞ በአብዛኛው አሳማ ነው። እዚህ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

- የአለርጂ ሠንጠረዡን አትመኑ። በጃፓን ሕግ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴና ጥቂት ሌሎች በግዴታ ይጻፋሉ፤ የአሳማ ሥጋና ጀላቲን ግን እንዲጻፉ የሚመከሩ ናቸው እንጂ ግዴታ አይደሉም። ሠንጠረዡ ላይ አለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ራሱን አንብቡ።
- «የዶሮ ቋሊማ» ተብሎ በአሳማ አንጀት የሚሞላ አለ። ሻጩን «ቡታኒኩ ሃይቴማስ ካ» ብላችሁ ስትጠይቁ አንጀቱንም በእጃችሁ እያሳያችሁ ጠይቁ።
- ራይ ያልሆነ ለስላሳ ዳቦና ብስኩት ውስጥ የአሳማ ስብ ይገባል፤ ራዶ የሚለውን ቃል ፈልጉ።

የተሻለው መፍትሔ ከሳኖሚያ ብዙ የማይርቀው የኮቤ መስጊድ አካባቢ ነው። መስጊዱ በ1935 የተሠራ፣ በጃፓን የመጀመሪያው ነው፤ በዙሪያው ያሉት ሐላል ሱቆች የበሬና የዶሮ ቋሊማ፣ የበሬ ሥጋም ይሸጣሉ። የሥጋው ባራኪ ማን ነው የሚለው ለሚያሳስባችሁ ክርስቲያኖች ግን ይህ መንገድ አይሆንም፤ ከተራ ሱቅ የበሬ ሥጋ ገዝታችሁ በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ ዛወርብራተን መሥራት ቋሊማ ከመፈለግ ይቀላል።

## 5. ከሰፈር ሱቅ የሚገኘው

ድንች። ሁለት ስም ያዙ። «ሜኩዊን» ረዘም ያለና ሲቀቀል የማይፈርስ ነው፤ ለድንች ሰላጣና ለጥብስ እሱን ውሰዱ። «ዳንሻኩ» ክብና ዱቄታም ነው፤ ለክኖደልና ለፍትፍት ይሆናል። ብዙ ሰው በዳንሻኩ ሰላጣ ሠርቶ ገንፎ ይሆንበታል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የጃፓን ድንች ሰላጣ በማዮኔዝ ስለሚሠራ ደቡብ ጀርመን ያለውን በኮምጣጤና በሾርባ የሚሠራውን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ሥሩ፤ በዘይትና በአትክልት ሾርባ ከሠራችሁት ጾምም ነው።

ሰናፍጭ። «ካራሺ» የሚባለው ቢጫ ቱቦ አፍንጫ የሚያቃጥል የጃፓን ሰናፍጭ ነው፤ ለቋሊማ አይሆንም። «ጹቡ ማሱታዶ» (ፍሬው ያልተፈጨ) ይቀርባል። መካከለኛ የጀርመን ሰናፍጭ ካልዲ ውስጥ ፈልጉ።

ሜሬቲሽ (አፍንጫ የሚያቃጥል ሥር)። ሆካይዶ ውስጥ «ያማ ዋሳቢ» የሚባለው ተክል ራሱ ሜሬቲሽ ነው። የሆካይዶ ምርት የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ ተፈጭቶ ይገኛል። ክሬም ጨምሩበት፤ ሌላ ፍለጋ አያስፈልጋችሁም።

ሽፔትስለ (የጀርመን ኑድል)። ደረቁን አትፈልጉ። ዱቄት፣ እንቁላልና ውሃ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ትሠሩታላችሁ።

የዴፓቺካ (የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት) ዋጋ ከከበዳችሁ ሊዘጋ ሲል ግቡ፤ የሚበላሹ ምግቦች ላይ የቅናሽ ወረቀት ይለጥፋሉ።

## 6. የኮመጠጠ ጎመን

በጠርሙስ የታሸገው ይገኛል፤ ነገር ግን የንጥረ ነገሩ ዝርዝር ላይ ኮምጣጤ (ሱ) ካያችሁ በኮምጣጤ የተነከረ እንጂ በራሱ የኮመጠጠ አይደለም። ቤት መሥራት ርካሽ ነው፤ አስቸጋሪው የጃፓን አየር ነው።

ወቅቱን ምረጡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሥሩ። በሐምሌና በነሐሴ ቤቱ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ጎመኑ ከመኮምጠጥ ፈንታ ይልማል። ጎመኑንም ምረጡ፦ የብርድ ወራቱ (ፉዩ ኪያቤጹ) ጠንካራ፣ የታመቀና ከላዩ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የፀደዩ (ሃሩ ኪያቤጹ) ላላ ያለና ውሃ የበዛበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም።

1. ጎመኑን አትጠቡ፤ የውጭውን ቅጠል አንሡ፤ አንድ ንጹሕ ቅጠል አስቀምጡ።
2. ግንዱን አውጥታችሁ በቀጭኑ ክተፉ፤ የተከተፈውን መዝኑ።
3. ለ1 ኪሎ ጎመን 20 ግራም ጨው አድርጉ። ጨው በዓይን አይገመትም፤ ሲያንስ ይበሰብሳል፣ ሲበዛ አይኮመጥጥም።
4. ለ10 ደቂቃ በእጅ እሹት፤ ለግማሽ ሰዓት ተዉት፤ እንደገና እሹት። ውሃ ሲያወጣ ኪውመልና አምስት ስድስት የጥድ ፍሬ ጨምሩ። በኪውመል ፈንታ ነጭ አዝሙድ አታድርጉ፤ ጣዕሙ ሌላ ነው።
5. በጠርሙሱ ውስጥ በቡጢ እየረገጣችሁ ሙሉት፤ ላዩ ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ያስቀመጣችሁትን ቅጠል ክደኑበት፤ ክብደት ጫኑበት። ውሃው ጎመኑን መሸፈን አለበት፤ ከሁሉ ዋናው ይኸው ነው።
6. ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ዝጉ፤ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ በሆነ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ከሥሩ ሳህን አድርጉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይፈስሳል።
7. ከሳምንት በኋላ ቅመሱ። በሦስተኛው ሳምንት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ማቀዝቀዣ አስገቡ።

ሲበላሽ

- ውሃው ካልሸፈነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ 20 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውሃ አሟምታችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ጨምሩ።
- ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ስስ ሽፋን ከመጣ፦ በማንኪያ ግፈፉት፤ ክብደቱን እጠቡ፤ ጎመኑ ይተርፋል።
- ጸጉራም፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ከመጣ፦ ሁሉንም ጣሉ። ከላይ ገፎ የታችኛውን መብላት አይሞከርም።
- ከላመና ከተዝለገለገ፦ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ጨው አንሷል። ጣሉት።

የጎረቤት ነገርም አለ። የጃፓን ቤት ግድግዳው ስስ፣ በረንዳው የጋራ ነው፤ ጠርሙሱን በረንዳ ላይ አታስቀምጡ።

## 7. የራይ ዳቦ በጃፓን ምድጃ

ዳቦ ቤቱ ከራቃችሁ ይህ ይጠቅማችኋል። ራይ እንደ ስንዴ አይለጠጥም፤ የሚያቆመው ኮምጣጣው እርሾ ነው፤ በደረቅ እርሾ ብቻ ከሠራችሁት መሐሉ ሙጫ ይሆናል። ዱቄቱን ከተራ ሱቅ አትጠብቁ፤ ቶሚዛዋ ሾተን በሚባለው የመጋገሪያ ዕቃ መደብር ወይም በኢንተርኔት ግዙ።

እርሾው። 50 ግራም ሙሉ የራይ ዱቄትና 50 ግራም ውሃ አቡክታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በየቀኑ 50 ግራሙን አስቀርታችሁ ሌላውን ጣሉ፤ 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ውሃ ጨምሩ። በሁለተኛው ቀን በኃይል ይነሣል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጸጥ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም፤ መመገቡን ቀጥሉ። የእንጀራ እርሾ አያያዝ የምታውቁ ዓይናችሁንና አፍንጫችሁን እመኑ፦ አረፋው ሲመለስና ሽታው ወደ ኮምጣጤ ሲያደላ ደርሷል።

ሊጡ

1. ማታ፦ 20 ግራም እርሾ፣ 200 ግራም የራይ ዱቄት፣ 200 ግራም ለብ ያለ ውሃ አዋሕዱ። ከ12 እስከ 16 ሰዓት በ25 ዲግሪ ገደማ ይደር። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት 8 ሰዓት ይበቃዋል።
2. ጠዋት፦ ለሚቀጥለው ጊዜ 20 ግራም አንሥታችሁ ማቀዝቀዣ አስገቡ።
3. በቀረው ላይ 150 ግራም የራይ ዱቄት፣ 150 ግራም የዳቦ ስንዴ ዱቄት (ኪዮሪኪኮ)፣ 150 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው ጨምሩ። በማንኪያ አዋሕዱ፤ አትለውሱት። እንደ ጭቃ ቢጣበቅ ልክ ነው፤ ዱቄት አትጨምሩ።
4. ከግማሽ ሰዓት በኋላ በተቀባ ቆርቆሮ ገልብጡት፤ በእርጥብ እጅ አስተካክሉ፤ ላዩን ዱቄት ንፉበት።
5. ላዩ ላይ ስንጥቆችና ትንንሽ ቀዳዳዎች እስኪታዩ፣ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቁ። ካለፈ በምድጃው ውስጥ ይወርዳል።

መጋገሩ። ኦቡን ሬንጂ 250 ዲግሪ ይላል፤ ብዙዎቹ ግን ያን ሙቀት የሚይዙት ለ5 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ራሳቸው ወደ 200 ወይም 210 ይወርዳሉ። ስለዚህ፦

1. መደርደሪያውን ውስጥ እንዳለ በከፍተኛው ሙቀት አሙቁ፤ ዝግጁ ነኝ ብሎ ከጮኸ በኋላም 10 ደቂቃ ጨምሩለት።
2. ቆርቆሮውን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍናችሁ በፍጥነት አስገቡ። እንፋሎት ለማምጣት ብላችሁ ውሃ አትርጩ፤ የጋለ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።
3. ከ15 ደቂቃ በኋላ ወረቀቱን አንሡ፤ በ200 ዲግሪ 45 ደቂቃ ያህል ቀጥሉ።
4. የመሐሉ ሙቀት 96 እስከ 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ። ላዩ ቢጠቁርም ቴርሞሜትሩ ካልደረሰ አልበሰለም፤ መልሳችሁ ሸፍኑት።
5. በማግስቱ ቁረጡ። ትኩሱን የቆረጠ ሰው ሊጥ ይበላል፤ ቢላዋውም ተጣብቆ ይወጣል።

ምልክቶቹ። ከቅርፊቱ ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ ሳይነሣ ገብቷል። ላዩ ጎድጉዶ ከወጣ ብዙ ቆይቷል። ታቹ እርጥብ ከሆነ ወይ ውሃው በዝቷል፣ ወይ ከቆርቆሮው ሳይወጣ ቀዝቅዟል፤ እንደወጣ በሽቦ ላይ አውጡት።

## 8. ክቫርክ

400 ግራም ስኳር የሌለው እርጎ (ሜጂ ቡልጋሪያ ይሆናል) በቡና ማጥለያው ላይ ገልብጣችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ጠዋት ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ከጀርመኑ ይልቅ ይኮመጥጣል፤ አንድ ማንኪያ ክሬም ጨምራችሁ ምቱት። ለአይብ ኬክ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉና ቀኑንም አጥልሉት፤ ካልጠነከረ ኬኩ አይቆምም። የወጣውን ውሃ አትድፉት፤ ለዳቦው ሊጥ በውሃው ፈንታ ይገባል።

## 9. ሌላ ከተማ ለምትኖሩ

የሱቆቹ ስም ይለወጣል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ካልዲና የቶሚዛዋ ሾተን የኢንተርኔት ሽያጭ በየትም ይደርሳሉ። ዳቦ ቤት ስትፈልጉ በካርታው ላይ «ዶይቱ ፓን» እና «ማይሱታ» የሚሉትን ቃላት በጃፓንኛ ፊደል አስገቡ፤ በጀርመንኛ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ቢራ ቤት ነው። ሳፖሮ ያላችሁ በኅዳር መጨረሻ የሚከፈተውን የሙኒክ የገና ገበያ ጠብቁ። ሽቶለን በብዙ ዳቦ ቤቶች ከኅዳር ጀምሮ ይወጣል፤ ጥሩዎቹ ገና ሳይደርስ ስለሚያልቁ በጥቅምት ማዘዝ ይሻላል።